ግማሽ በር

ጥቅምት 12 ቀን 1996

የሰባተኛ ክፍልን የጂኦግራፊ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። አብዛኞቹ ዓባይን ጣና ላይ አስቀርተውታል። ሱዳን ያደረሱት ጥቂት ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሜ ስመኘው ከቡሬ መጣ። ደጃፉን ሳያልፍ "እታለም፣ ሰጡኝ" አለ። ምኑን? የማርያምን በር። ከቡሬ ወጣ ብላ ያለችው፣ እናታችን የተቀበረችባት ደብር... አዲሱ ሕንፃዋ ሊያልቅ ነው። የምዕራቡን በር ስመኘው ይሥራው ተባለ። ባለ ሁለት መዝጊያ፣ ከዋንዛ እንጨት፣ ቅርጽ የሚወጣበት። በግራው መዝጊያ መልአኩ ገብርኤል፣ በቀኙ እመቤታችን። ብሥራቱ ማለት ነው። በሩ ሲዘጋ ፊት ለፊት ይተያያሉ።

"መሪጌታ አድማሴ ራሳቸው ናቸው 'ያ ልጅ የት ነው' ያሉ" ይላል። የሕንፃ አሠሪው ኮሚቴ ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። ሄጄ የለመንኳቸው እኔ መሆኔን አልነገርኩትም። ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?

ለግንቦት ማርያም ቅዳሴ ቤቱ ይከበራል። ጊዜ ሞልቷል። ከደስታዬ ብዛት ሽሮውን አሳረርኩት። እንዳረረ በላነው።

ኅዳር 21

ለጽዮን ቡሬ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ በቀጥታ ወደ ስመኘው ቤት።

መልአኩን አየሁት።

ምን ብዬ ልጻፈው... ጎንበስ ብሏል፤ ቀኝ እጁን ዘርግቷል። የልብሱ እጥፋት እንጨት አይመስልም፤ ነፋስ የገባበት ነው የሚመስለው። ጣቴን ክንፉ ላይ አሳለፍኩ፤ እያንዳንዱ ላባ ለብቻው ይነካል። ይኼን ልጅ ነው እኔ አፍንጫውን እየጠረግሁ ያሳደግሁት?

መሪጌታም ለማየት መጡ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ "ይኸስ አፉን ሊከፍት ነው። የሚያናግራትን እስክታመጣለት ነው የሚጠብቅ" አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ተብሎ መሬት አይበቃውም። የኔው ምን አደረገ? አጎንብሶ የመልአኩን ተረከዝ አሳያቸው። "እዚህ ጋ ተበላሽቶብኛል፣ አባ።" ማንም አላየው እኮ! ከዚያ በኋላ ግን የመሪጌታ ዓይን ከተረከዙ አልተነሣም።

ሚስቱ እናኑ ከወዲያ ሆና በዓይኗ ጠቀሰችኝ። "አዩልኝ?" እንደማለት።

ጥር 14

ከቡሬ የመጣ ሰው ነገረኝ። የእመቤታችን መዝጊያ ፊቷና እጆቿ ብቻ ናቸው የቀሩት። ተመስገን።

የካቲት 6

አሁንም ፊቷና እጆቿ ብቻ ናቸው የቀሩት።

ሄጄ አየሁ። መዝጊያው ጆንያ ለብሶ ግድግዳ ተደግፏል። ስመኘው አልጋ ይሠራል። የማንን አልጋ? የጎረቤት። ከአልጋው በፊት ዱካ ሠርቷል። ከዱካው በፊት የዶሮ ቤት። የዶሮ ቤት...

መጀመሪያ መሮው ደነዘ አለ። ከባሕር ዳር አዲስ አስመጣሁለት። ቀጥሎ እንጨቱ እርጥብ ነው አለ። ዛሬ ደግሞ "ጾሙ ይግባ፤ የእሷን ፊት በጾም ነው የምሠራ" ይለኛል። ጾሙ ሲገባ ጉልበት የለኝም ሊለኝ!

አውቀዋለሁ እኮ። ደብረ ማርቆስ የእንጨት ሥራ ሲማር ከክፍሉ የሚወዳደረው አልነበረም፤ የመጨረሻው ፈተና ሲደርስ ጥሎ መጣ። መምህሩ ጠመደኝ ብሎ። እናኑን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ እሺ ሲባል ጠፋ። ከዳንግላ ፈልጌ አመጣሁት። ቤቱ ያለው ቁም ሣጥን እስከ ዛሬ በር የለውም። ጠላት ቢኖረው ከዚህ በላይ ምን ያደርገው ነበር?

የዚህ ሁሉ ምክንያት አባታችን ነው ይላሉ ዘመዶቻችን። አባታችንም አናጢ ነበር። ልጁ ሠርቶ ያመጣለትን ሁሉ እያገላበጠ ጉድለት ሲፈልግ ነው የኖረ። አንድ ቀን "ጎበዝ" ሲል አልሰማሁም። ይሁን። እኔም የዚያው ሰው ልጅ ነኝ። እኔ ሥራዬን ጥዬ ሄጄ አውቃለሁ?

መጋቢት 2

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠራኝ። በክረምት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ለሚማሩ መምህራን፣ ለትምህርት ቤታችን አንድ ቦታ መጥቷል። "ዓባይነሽ፣ ካንቺ የሚቀድም የለም" አለኝ።

ዘንድሮ አልችልም፣ ለሌላ ሰው ይሰጥ አልኩት። እንዴት ልሂድ? በሩ አላለቀም። ስመኘውን ማን ይይዘዋል?

"ትምህርቱ የሚጀመር እኮ ሐምሌ ነው። በሩ ለግንቦት ያልቃል አላልሽም?"

በቤቴ ጉዳይ መግባቱ አናደደኝ። አስቢበት አለ። አስቤበታለሁ አልኩ። በዚያ ላይ በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ተደርድሬ፣ ስጠየቅ ሳላውቅ ብቀርስ... ለማንኛውም። ያለቀ ነገር ነው።

መጋቢት 19

የፈራሁት ደረሰ።

እናኑ ራሷ ከቡሬ ድረስ መጥታ ነገረችኝ። ስመኘው የእመቤታችንን እጆች ጀምሮ ነበር። መሪጌታ ጎራ ብለው አዩና "እጇ ትንሽ ረዘም አላለም?" አሉ። በቃ። ይኼው ነው። ጥያቄ ነው፤ ስድብ አይደለም። መሮውን መሬት ላይ ወርውሮ "እንግዲያው የሚያውቅ ሰው ፈልጉ" አላቸው። ፊደል ያስቆጠሩትን ሰውዬ! እሳቸው መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ።

እናኑ እንደምትለው እጇ ረዘመብኝ እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲያጉረመርም የከረመው ራሱ ነው። እሱ ሲለው እውነት፣ ሌላ ሰው ሲለው ስድብ።

"እኔ ደክሞኛል፣ እታለም" አለችኝ ስትሄድ። ሰው ሲያዛጋ እንደሚናገረው፣ ቀለል አድርጋ።

መጋቢት 20

ክፍሌን ለአዲሷ መምህርት ለትሕትና አደራ ብዬ ቡሬ። ከዚያ በእግር ደብሩ ድረስ። መሪጌታ ዛፍ ሥር ተማሪዎቻቸውን ከበው... እነሱ ከበዋቸው ማለቴ ነው። ተናድጄ ስጽፍ ይሳሳትብኛል። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"ይቅር ይበሉት፣ አባቴ። ልጅ ነው።"

"የኔ ዓይን ደክሞ ይሆናል" አሉ። "ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት መስሎኝ።"

"ተናዶ ነው እንጂ ክፉ አይደለም።"

"አልተናደደም። ፈርቷል።" ወደ እኔ ዞሩና፣ "አንቺም ደክሞሻል። ስለ እሱ ይቅርታ ስትጠይቂ ዕድሜሽ አለቀ እኮ፣ የኔ ልጅ።"

አንገቴን ደፋሁ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እንጠብቀዋለን አሉ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

መንገዱን ሁሉ ስናደድ መጣሁ። የምን ፍርሃት? እንጨት ይፈራል?

ለስመኘው "እሺ ብለዋል፣ ጨርስ" አልኩት። አመሰግናለሁ እንኳ አላለኝም።

ሚያዝያ 9

ከቡሬ እንደተመለስኩ ነው የምጽፈው።

ትናንት እናኑ በትምህርት ቤቱ ስልክ ደወለች። "ይምጡ" ብቻ። ሰው የሞተ መስሎኝ ዛሬ በጠዋት ተሳፈርኩ።

ሰው አልሞተም። የእመቤታችን መዝጊያ መሬት ላይ ተጋድሟል። ፊቷ የሚወጣበት ቦታ፣ ትከሻዋ፣ ያ ሁሉ የልብሷ ጥለት... በመጥረቢያ ጠርቦታል። ፍላጩ ግቢውን ሞልቶታል። ዶሮዎች ይራመዱበታል።

ስመኘው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መጋዝ ይሞርዳል።

"ምን ሆነህ ነው?"

"እንጨቱ ነው፣ እታለም። ውስጡ ጉጥ ነበረበት።"

"የታለ ጉጡ? አሳየኝ።"

መጋዙን ገለበጠ።

"አሳየኝ፣ ስመኘው።"

"ፊቷን ጀምሬው ነበር" አለ። "ጥሩ እየመጣ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ጥሩ እየመጣ ነበር እልሻለሁ።"

ይኼ መልስ ነው? ጥሩ እየመጣ ነበርና በመጥረቢያ መታሁት? ጮህኩበት። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩበት። እናትህ እዚያ ደብር ተኝታለች፣ የምትሳለምበትን በር ነው የጠረብክ አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። ሞረዱ ብቻ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሣሁ። ወደ መሪጌታ። እናኑ በሩ ላይ ቆመች።

"የት ሊሄዱ ነው?"

"ልለምናቸው ነዋ።"

"ዛሬ ደግሞ ምን ብለው?" ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "እሱ ሲያጠፋ ይቅርታውን እርስዎ ይጠይቁለታል። ቁጣውንም እርስዎ ይቀበሉለታል። ለእሱ ምን ቀረለት? መጋዝ መሞረድ።"

"ታዲያ ልተወው?"

"የባሕር ዳሩን ትምህርት ለእሱ ስል ተውኩት ያሉኝ ጊዜ አዘንኩልዎ። ኋላ ሳስበው ግን... እሱ ባይኖር ሌላ ምክንያት ያጡ ነበር?"

ይኼን የምትለኝ ማን ናት? ምን ታውቃለች? እሷን ከአባቷ ቤት ለማምጣት የለመንኩት እኔ አይደለሁም? በመጀመሪያው መኪና ተመለስኩ። መሪጌታ ጋም አልሄድኩ።

ሚያዝያ 13

አሁንም ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ግን...

ግንቦት 21

ቅዳሴ ቤቱ ተከበረ። አገር ምድሩ መጥቷል። ታቦቷ በእልልታ ገባች፤ እኔም እልል አልኩ፤ ዓይኔን ግን ከበሩ መንቀል አቃተኝ።

በግራው መዝጊያ መልአኩ ቆሟል፤ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ። በቀኙ መዝጊያ... ጠፍጣፋ ሳንቃ። መሐሉ ላይ አንድ መስቀል። እንዳለው የሚባል የቡሬ አናጢ ነው የሠራው። እንዳለውን አልወቅሰውም። ቀኑ ሳይደርስ አመጣ፣ ገጠመ፣ መሪጌታ በሕዝብ ፊት ስሙን ጠርተው መረቁት። የማይረባ ሳንቃ ነው። ግን አለ። ይዘጋል፣ ይከፈታል።

አጠገቤ የቆሙ አሮጊት አንጋጠው አዩና "ኧግ፣ ይኸ መልአክ ከማን ጋር ነው የሚያወራ?" አሉ።

"ከሳንቃው ጋር ነው እንጂ" አለቻቸው አንዷ። ሳቁ።

ስመኘው ከቅጥሩ ውጭ ዋርካው ሥር ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ቆሞ ነበር። ልሄድለት ነበር። አልሄድኩም። ምን ልለው ነው? አይዞህ? አይዞህ የሚባለው ሰው የበደለውን ነው። ይኼን ማን በደለው?

እናኑ አጠገቡ አልነበረችም። ከሴቶቹ ጋር ቆማ ታስቀድሳለች።

ያ ሳንቃ ግን... ስንት ዘመን እዚያ ሊቆም ነው?

ሰኔ 8

ዛሬ ዕረፍት ላይ ትሕትና መጥታ አቀፈችኝ።

"እትዬ ዓባይነሽ፣ ውለታዎን በምን እመልሳለሁ?"

"የምን ውለታ?"

"የባሕር ዳሩን ነዋ። ለወጣቶቹ ይሰጥ ብለው ነው የተዉት አሉኝ ርዕሰ መምህሩ። እኔ ብሆን አላደርገውም። እውነቴን ነው፣ እጄ ከገባ አልለቅቀውም ነበር።"

ፊቷ ሲበራ... ሐምሌ ላይ ትሄዳለች። ሻንጣ ሳይቀር አዘጋጅታለች። ለእሷ ብዬ? ስሟን እንኳ አላሰብኩትም። ምን ልበላት? "ምንም አይደል፣ በርቺ" አልኩ። ጉንጬን ስማ እየሮጠች ሄደች።

ክፍል ገባሁ፣ ካርታውን ሰቀልኩ። ምን ላስተምር እንደነበር ጠፋኝ። ተማሪዎቹ ይጠብቁኛል። እኔ ካርታው ላይ ባሕር ዳርን አያለሁ። ይቺ ናት፤ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ የማትሞላ። ካቻምናም ቦታ መጥቶ ነበር። ያኔ ምክንያቴ ምን ነበር? ያኔ በር አልነበረም።

እሱ በመጥረቢያ ነው። እኔ በትሕትና።

ሰኔ 9

እናኑ ልክ ነበረች። ይኼን መጻፍ እንዴት ያናድዳል።

ሐምሌ 16

በዝናብ ርሶ ስመኘው መጣ። ከግንቦት ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንተያይ የመጀመሪያችን። ከስቷል።

ወሬ ይዟል። ከመራዊ አካባቢ የመጡ የአንድ ደብር አስተዳዳሪ ለግንቦቱ በዓል ተጋብዘው መልአኩን አይተዋል። እነሱም በር ሊያሠሩ ነው። ይኼን ማን ሠራው ብለው ጠይቀዋል።

"አንቺ ሄደሽ አናግሪልኝ፣ እታለም። አንቺ ስትናገሪ ይሰሙሻል።"

"አልሄድም።"

ቀልድ መሰለው። ፈገግ አለ።

"አልሄድም። አንተ ሂድ።"

"እምቢ ቢሉኝስ?"

"ሊሉህ ይችላሉ።"

"የማርያምን ነገር ሰምተው ይሆናል።"

"ሰምተዋል እንጂ። ያልሰማ ማን አለ?"

"ካልሽማ..." አለና ተነሣ። ሻዩን አልነካውም። እንዲህ ነው እሱ፣ ገና ከበሩ ሲወጣ ልቤን ሊበላኝ። ልጠራው አፌን ከፍቼ ነበር። የበሩን እጀታ ይዤ ቆምኩ። ጋሪ ላይ ወጣ። ሄደ።

ጨካኝ ሆንኩ? ሆንኩ መሰለኝ። ሥራ ይዤ ሥራው አይታየኝም።

ሐምሌ 25

ሄዷል። ብቻውን።

ከዚያው ሲመለስ እኔ ጋ ጎራ አለ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ።

"እምቢ አሉኝ" አለ።

እንደዚህ፣ እንደ ቀላል ነገር። ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ።

"ምን ብለው?"

"መልአኩን ወደነዋል፣ ግን ጀምሮ አይጨርስም ይሉሃል፣ እውነት ነው ወይ አሉኝ።"

"አንተስ?"

"እውነት ነው አልኳቸው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ምሳ አበሉኝ።"

ሳስበው፣ ስመኘው እምቢ ሲባል ይኼ የመጀመሪያው ነው። እስከ ዛሬ እምቢ እስኪሉት ጠብቆ አያውቅማ። ቀድሞ ይሰብረዋል። መምህሩ ሳይጥለው ትምህርቱን ጣለ። ሰው የእመቤታችንን ፊት አይቶ አስቀያሚ ነው ሳይል፣ ወይም ቆንጆ ነው ሳይል... ለካ እምቢ ተብሎም ምሳ ይበላል።

ሲወጣ አንድ ነገር አዘውታል። አትሮንስ፣ የመጽሐፍ ማስቀመጫ። ቅርጽ የሌለው፣ ተራ። ለፍልሰታ። ያን መልአክ ለጠረበ እጅ አትሮንስ! ደሜ ፈላ። እሱ ግን "ትንሽ ነው፤ ትንሽ ይሻለኛል" አለ።

ነሐሴ 12

ዝናብ። ፍልሰታ ሊያልቅ ነው። አትሮንሱ ምን ደረሰ? አልጠይቅም። ደጋግሜ ስልክ ቤት ልሄድ ጃንጥላ አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ።

ትሕትና ከባሕር ዳር ሰላምታ ልካለች። ትምህርቱ ይከብዳል ብላለች። ይክበዳት። እኔም እንዲህ ቢከብደኝ ምን ነበረበት?

ነሐሴ 20

ፍልሰታ አለቀ። ከቡሬ ምንም የለም። አውቄው ነበር። ጭራሽ ለአትሮንስ...

ጳጉሜን 4

ተሳስቻለሁ።

ትናንት፣ በሩፋኤል፣ አድርሶታል። ለፍልሰታ አልደረሰም፤ ዘግይቷል። ግን አድርሶታል። ዛሬ እናኑን ይዞ መጣ። ለዓመት በዓሉ ዶሮ ይዘውልኝ። እናኑ ከልብሴ ላይ ክር አነሣችልኝ፤ እንደታረቅን በዚያ ገባኝ።

"አየኸው ሲያስቀምጡበት?" አልኩት።

"አየሁ። መጽሐፉን አስቀመጡና ወደ ግራ ያዘነብላል አሉኝ።"

እናኑ እጇን ከዶሮው ላይ አላነሣችም።

"ምን አልካቸው?"

"ያዘነብላል አልኳቸው። ፊታቸው ቁጭ ብዬ አንዱን እግር ላግሁት። ቆመ።"

በቃ። ይኼው ነው ነገሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ወሬ አይሆንም። እኔ ግን ወደ ጓዳ ገብቼ በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠርጌ ተመለስኩ።

"በሩንስ ሰጡህ?"

"አልሰጡኝም። ለእንዳለው ሰጡት።"

ለእንዳለው! ለሳንቃው ጌታ! መልአኩን በዓይናቸው አይተው፣ አትሮንሱን በእጃቸው ተቀብለው፣ ለእንዳለው? ተነሣሁ። ነገ በመጀመሪያው መኪና መራዊ እወርዳለሁ፣ አስተዳዳሪውን ፊት ለፊት አናግራቸዋለሁ፣ እንዲህ ያለ አድልዎ...

"እታለም" አለ ስመኘው፣ እንጀራውን እየቆረሰ። "ተቀመጪ። ያዘነብላል ያሉኝም እውነታቸውን ነው፤ ጀምሮ አይጨርስም ያሉኝም እውነታቸውን ነው። ሌላ አትሮንስ አዘውኛል።"

እናኑ ሳቋን ዋጠች።

ተቀመጥኩ። ንዴቴ አልወጣም፤ አሁንም ስጽፈው ያናድደኛል። መራዊ ግን አልሄድም። ነገ የምሄደው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። የመጪውን ክረምት ቦታ ለራሴ ልጠይቅ። ሁለት ጊዜ እምቢ ብለሽ ዛሬ ምን አመጣሽ ይሉኝ ይሆናል።

እምቢም ይሉኝ ይሆናል።